የፈሪዳ እጅ ልክ

ቡሪየን፣ ሲያትል
እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1996

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ ሰኪና፤ ደሴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒዱ እንዴት አለፈልዎት? ግፊትዎስ? ያ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚነግርዎት ትከሻ እንዴት ነው? እኛ ሦስታችንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጃችን ሐያ ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ሞላ፤ በአማርኛ ስንጠራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ባለቤቴ ፈሪዳ በዓይን ሳታውቅዎት እጅዎን ስማለች።

የዛሬው ደብዳቤ ግን ምክር ፈልጌ የጻፍኩት ነው። ምክሩም ከዘመድ ሁሉ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ዓይነት ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ገና ጾም ሳይፈታ፣ ከጎናችን ያለው አፓርታማ ሌባ ገባበት። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ። የተዘረፈችው አገሬ የምትባል የጎንደር ልጅ ናት። ማታ ማታ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ትሠራለች፣ ጠዋት ጠዋት ቤቷ ናት። ሰውየው በጓሮ በኩል ባለው ተንሸራታች የመስታወት በር ገብቶ፣ ገፍትሮ ጣላትና ወርቋንና ቪዲዮ ማጫወቻዋን ይዞ ሄደ። ጎድኗ ተሰንጥቋል። እኔ በዚያ ሰዓት ሲታክ ኤርፖርት ታክሲዬን ይዤ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ፈሪዳና ሐያ ከግድግዳው ማዶ ነበሩ። ፈሪዳ ተኝታ ስለነበር ምንም አልሰማችም፤ ለፖሊስም እንዲሁ አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ልቤ ቤት ነው። እፈራለሁ አክስቴ፣ አልዋሽዎትም።

ስለዚህ ሽጉጥ ልገዛ ነው።

እዚህ ሽጉጥ እንደ እጅ ሰዓት በመስታወት ሣጥን ተደርድሮ ይሸጣል ብልዎት ያምኑኛል? ሱቁ ከዶናት ቤት አጠገብ ነው። ሻጩ ሮቢ የሚባል፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። «ለማን ነው?» አለኝ። «ለቤት» አልኩት። ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ጥይቱ በካዝና ሆኖ በእጀታው ውስጥ ይገባል፣ አሥር ይጎርሳል። ሌላው አጭር ነው፣ መሃሉ ይሽከረከራል፣ አምስት ብቻ ይይዛል። ጠፍጣፋው መዳፌ ውስጥ ሲገባ ለእኔ ተብሎ የተሠራ መሰለኝ። እኔ ውዬ የምገባ ሰው ስለሆንኩ ግን ዋናዋ ተጠቃሚ ፈሪዳ ናት። ገና አልነገርኳትም፤ ገዝቼ ላሳያት ነው ያሰብኩት።

ባለቤትዎ ጋሼ ኑሩ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሕይወት ሳለ እርስዎና እሱ ያልፈታችሁት መሣሪያ በወሎ አልነበረም። የትኛው ይሻለኛል? ፎርም ተሞልቶ አምስት ቀን ስለሚጠበቅ ጊዜ አለኝ። የእርስዎ መልስ ሳይመጣ አልገዛም።

ልጅዎ ዓብዱልጀሊል


ደሴ፣ መጋቢት 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓብዱልጀሊል

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ አንተንም ቤትህንም ከክፉ ዓይን ይጠብቅ። ትከሻዬን ጠይቀሃል፤ ትከሻዬ ከእኔ ጋር አለ፣ የመለየትም ሐሳብ የለውም። ለዚያች ለአገሬ ምሕረቱን ይላክላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልልህ ነበር፤ ደንግጠሃልና አፌን ያዝኩ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ወግ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ሽማግሌው ሲሸጥልህ ዋስ አይጠራህም? አባትህ ማን ነው፣ ከማን ተጣልተሃል ብሎ አይጠይቅህም? በመስታወቱ ሣጥን ላይ ዋጋው ተጽፎ ነው ወይስ ትከራከራላችሁ? ሴት ልጅ ብቻዋን ገብታ ብትጠይቅ ይሸጥላታል? ሁሉንም መልስልኝ፤ ጎረቤቶቼም እየጠበቁ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኑሩ የመሣሪያ ጠጋኝ እንደነበረ ነው። ኑሩ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው በኋላ ደርግ መጥቶ ሱቁን እስኪያዘጋው ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሱ ከፊት ተቀምጦ ያወጋል፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሞረድ ይዤ እሠራለሁ። ባለመሣሪያዎቹ መሣሪያቸውን ሴት እንደነካችው ቢያውቁ ኖሮ መልሰው አይወስዱትም ነበር።

አሠራራችንን ልንገርህ። እጀታው የተሰበረበት ሰው ሲመጣ ኑሩ ስለ ሽጉጡ አንድ ቃል አይጠይቅም። በእሳት ያለሰለስኩትን የሰም ድቡልቡል «ጨብጠው» ይለዋል። እኔ ያንን ሰም አይቼ ከወይራ እንጨት እጀታ እጠርባለሁ። ሰም አያፍርም፣ አይዋሽም። አንድ ጊዜ ስለ ጀግንነቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራን ሰውዬ ሰሙን ጨብጦ ሄደ። ሳየው ጣቶቹ ያረፉበት ሁሉ ሦስት አራት ጊዜ ተደራርቧል። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለኑሩ በጆሮው ነገርኩትና ምላጩን አጠበቅንለት፣ እንዲያው ሳያስበው እንዳይተኩስ።

አንተ የጻፍክልኝ ስለ አንተ መዳፍ ነው። የምትይዘው ፈሪዳ ከሆነች የአንተ መዳፍ ምን አገባው? ጠፍጣፋውን ለማቀባበል የላይኛውን ብረት ጠንከር አድርጎ ወደኋላ መሳብ ይጠይቃል፤ ትችላለች? ካዝናው ሲወጣ ባዶ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዷ ጥይት ውስጥ እንደቀረች የሚያውቀው ጣሪያው ሲበሳ ነው። የሚሽከረከረው ይህ ጣጣ የለበትም፣ ምላጩ ግን ከባድ ነው፣ የጣት ጉልበት ይፈልጋል። ሐያስ? የት ይቀመጣል? ልጅ እናቷ የደበቀችውን ነገር ከእናቷ በፊት ታገኛለች።

ስለዚህ የፈሪዳን የቀኝ እጅ ልክ ላክልኝ። ሰም ካጣህ ጠጠር ያለ ሊጥ ይሆናል። ያን ሳላይ ይሄን ግዛ ያን ግዛ አልልህም።

አክስትህ ሰኪና


ቡሪየን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይራቅ። ደብዳቤዎ ከገባ ጀምሮ እንደ ተማሪ ነው የሆንኩት።

ለጥያቄዎችዎ፦ ዋስ የለም፣ ዋሴ መንጃ ፈቃዴ ነው። ፎርሙ ወንጀል ሠርተህ ታውቃለህ ይላል፣ አእምሮህ ታሞ ያውቃል ይላል። ከማን እንደተጣላሁ አይጠይቅም። ዋጋው ተጽፏል፤ እኔ ግን ልምድ ሆኖብኝ «ትንሽ ቀንስልኝ» ብለው ሮቢ ሳቀና ገና ሳልገዛ የማጽጃ ዘይት መረቀልኝ። ሴት ብቻዋን ብትመጣስ ስለው፣ «ብቻዋን ስትመጣ ደስ ይለኛል፤ ባልዋ ሲመርጥላት ግን ከወር በኋላ ልትመልሰው ትመጣለች» አለኝ። እርስዎን አስታወሰኝ።

ባለፈው እሑድ ከባልደረባዬ ከሂሻም ጋር ወደ ተኩስ መለማመጃ ሄድኩ። ጆሮ ላይ ትልቅ መሸፈኛ ይደረጋል። ሃያ ጥይት ተኮስኩ፤ አራቱ ወረቀቱን አገኙት፣ የቀሩት የት እንደደረሱ አላህ ይወቅ። ሂሻም «እንግዲህ ሌባው ትልቅ ሰው ይሁንልህ እንጂ ተስፋ የለህም» አለኝ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ስንት ዓመት መሪ ስይዝ ኖሬ እጄ አዲስ ነገር ተማረ።

የፈሪዳን እጅ ልክ እነሆ። እስካሁን ስላልነገርኳት ዘዴ ፈጠርኩ። ሐያ የምትጫወትበት ባለቀለም የልጆች ሊጥ አለ። «የማሚን እጅ እንሥራ» አልኳት። ሐያ ቀዩን ድቡልቡል ይዛ ሮጠችና «ማሚ፣ ስኩዊዝ ኢት» አለቻት፣ ጨብጪው ማለቷ ነው። ፈሪዳ እየሳቀች ግራ እጇን ዘረጋች፤ እኔ «የለም፣ ቀኝሽን» አልኩ። ትንሽ አመነታችና ጨበጠችው። ሙሉአለም የምትባል ያገራችን ልጅ ለእህቷ ሠርግ ደሴ ስለምትመጣ በብስኩት ቆርቆሮ አሽጌ በእሷ ልኬልዎታለሁ። መንገድ ላይ ይደርቃል እንጂ አይሰበርም።

አሁን ይፍረዱኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከጠፍጣፋው ጋር ነው።

ልጅዎ ዓብዱልጀሊል


ደሴ፣ ሰኔ 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለዓብዱልጀሊል

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ሙሉአለም ቆርቆሮውን አምጥታልኝ፣ ምሳም በልታ ሄደች። ጨዋ ልጅ ናት።

ቀዩን ሊጥ መስኮት አጠገብ ወስጄ መነጽሬን ወለወልኩና አየሁት። ከዚያ በጣቴ ዳሰስኩት። በማግስቱ ሌላ ሐሳብ እንዳይሆንብኝ ብዬ ደግሜ አየሁት። አልተሳሳትኩም።

አውራ ጣቷ በደንብ ተጭኗል። መሃለኛው፣ የቀለበቱና ትንሿ ጣት ሦስቱም ቦይ አውጥተዋል፤ ጉልበት ያላት ልጅ ናት። አመልካች ጣቷ ማረፍ የነበረበት ቦታ ግን ልሙጥ ነው። ጫፉ ብቻ ወደ ጎን ዞሮ ጫር አድርጎታል። ይህ ጣት አይታጠፍም። ተሰብሮ፣ ወጌሻም ሐኪምም ሳያየው፣ እንደተጣመመ የጠና ጣት ነው። እንዲህ ያለውን በሰም ላይ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ቁስሉም የቆየ አይመስለኝም፤ የቆየ ቢሆን ሌሎቹ ጣቶች ተጠግተው ቦታውን ይሸፍኑት ነበር፤ እነዚህ ገና አልለመዱም።

ምላጭ የሚሳበው በዚያ ጣት ነው። አንተ ስለ ካዝናና ስለ ዘይት ትጽፍልኛለህ። ከእሷ ጋር ከአንድ ማዕድ እየበላህ ይህን እኔ ከደሴ ልንገርህ?

ተቆጥቻለሁ፤ አልደብቅህም። የሚስትህ ጣት ምን ሆነ? መቼ? ይህ ሳይመለስልኝ ስለ ሽጉጥ አንድ መስመር አልጽፍም። ቢቻል ራሷ ትጻፍልኝ።

ሰኪና


ቡሪየን፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1996

ይድረስ ለእማማ ሰኪና

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ። ሳላውቅዎት ስለምጽፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈሪዳ ነኝ።

ዓብዱልጀሊል ደብዳቤዎን ሦስት ሳምንት ኪሱ ውስጥ ይዞ ዞረ። ከዚያ አንድ ቀን «ጣትሽ ምን ሆነ?» አለኝ። «ቢላ ነው ብዬህ የለ» አልኩት። ጠዋት ሲወጣ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ ሄደ። የሽጉጡን ነገር የሰማሁት ከእርስዎ ነው ማለት ነው። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ሐያና እሱ በሊጥ ሲያሞኙኝ። ቀጥሎ አለቀስኩ። እኔ ስደብቀው የኖርኩትን እርስዎ ከዚያ ሆነው ዳሰሱት።

ሌባው መጀመሪያ የመጣው እኛ ቤት ነው።

እኔ ዕቃ አጥባለሁ፣ ሐያ ቴሌቪዥን ታያለች። የጓሮው በር ሲንሸራተት ሰማሁ። ሮጬ መልሼ ገፋሁት። እሱ ከውጭ ይስባል፣ እኔ ከውስጥ እገፋለሁ። ጣቴ በበሩና በፍሬሙ መሃል ገባ። አልለቀቅኩም። በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ወጣት ነው፣ እሱም ፈርቷል። ከዚያ ለቆ ሄደ። ቆለፍኩት።

የቀረውን መጻፍ ነው የሚከብደኝ። ወደ አገሬ በር ሲሄድ እግሩን ሰማሁ። የሷ በር ሲከፈት ሰማሁ። ስትወድቅም ሰማሁ። አፌን ከፍቼ ነበር። መርካቶ ቢሆን አንድ ጊዜ ኡኡ ብል ሰፈሩ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ያልወጣ ጎረቤት በኋላ ምን ብሎ ይኖራል? እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ግን አይጥ አይቼ ጮኼ የአፓርታማው ማኔጀር የማስጠንቀቂያ ወረቀት በር ላይ ለጠፈችብን። ዓብዱልጀሊል ያን ጊዜ «እዚህ አይጮህም፤ ከቤት ያስወጡናል፤ አንድ ነገር ከሆንሽ ለፖሊስ ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጊ» አለኝ። ስልኩን አነሳሁ። በእንግሊዝኛ ምን እንደምል ሳስብ፣ ደም እየፈሰሰኝ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ፖሊስ ሲጠይቀኝ ተኝቼ ነበር አልኩ።

አገሬ እስካሁን ዕቃ ስታነሳ ጎድኗን ትይዛለች። ምግብ እወስድላታለሁ። «እንደ አንቺ ያለ ጎረቤት የለም» ትለኛለች። ይህን ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ስለ ሽጉጡ ጠይቀዋልና ልመልስ። አልፈራውም። ቢኖረኝ ኖሮ እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ። ግን በሩን የያዝኩት በሁለት እጄ ነበር። የትኛውን እጄን ለቅቄ ነው ሽጉጥ የማነሳው?

ይህን ለባሌ ላንብብለት ወይስ አጥፌ ልላከው አላውቅም። ለማያውቁኝ ሰው መጻፍ ቀለለኝ። ይምከሩኝ።

ልጅዎ ፈሪዳ


ደሴ፣ መስከረም 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪዳ

አዲሱ ዓመት የእፎይታ ይሁንልሽ። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

ልጅሽን አድነሻል። ይህን ቀድመሽ ያዢው፤ ሌላው ከዚህ በኋላ ነው።

ለአገሬ ንገሪያት። ከባልሽም በፊት ለሷ ንገሪያት፤ የተጎዳችው እሷ ናት። ልትቆጣሽ ትችላለች፤ ትቆጣ፣ መብቷ ነው። ተደብቆ ከሚበላ ምስጋና፣ ፊት ለፊት የመጣ ቁጣ ይሻላል። ቀጥሎ ለዓብዱልጀሊል አንብቢለት፣ አንድ መስመር ሳትዘልዪ። ሳይከፋው አይቀርም። እንዳይጮህ የተባለ ሰው ለምን አልጮኽሽም አይባልምና፣ ፍርዱ ወደ እሱም ይሄዳል።

የሚንሸራተተው በር በምን ላይ ነው የሚንሸራተተው? ቦይ ካለው ልኩን እንጨት ቆርጣችሁ ቦዩ ውስጥ አጋድሙ። ይህን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። ስለ እጅ ሳስብ በሩን ረሳሁት፤ ጥፋቴ ነው። ጣቱን ለሐኪም አሳዪ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ሽጉጥ ካማረሽ የሚሽከረከረውን በግራሽ ሞክሪው። ካላማረሽም ተይው። መራጯ አንቺ ነሽ።

እናትሽ ሰኪና


ቡሪየን፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1996

ለአክስቴ ለወይዘሮ ሰኪና

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ብዙ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።

ፈሪዳ ለአገሬ ነገረቻት። እኔ ሐያን ይዤ ውጭ ቆሜ ነበር። አገሬ «እኔስ መች ጮህኩ? ጎረቤት ኮምፕሌን ያደርግብኛል ብዬ አፌን ይዤ ነው የወደቅኩት» አለቻት። አብረው አለቀሱ። ለሁለት ሳምንት ግን አገሬ በራችንን አላንኳኳችም፤ ምግብ ስትወስድላትም በር ላይ ተቀብላ ትመልሳታለች። ባለፈው ዓርብ ሳህኑን ይዛ መጣችና ተቀመጠች። አሁን ተስማምተዋል፤ ማንኛቸውም ቢጮኹ ሌላዋ እየጮኸች ትወጣለች፣ ማኔጀሯ የፈለገችውን ወረቀት ትለጥፍ።

ለእኔ ያነበበችልኝ በማግስቱ ነው። ያ አይጥ ያየችበትን ቀን ረስቼው ነበር። ያልኳትን ቃል ግን ስታነበው ድምፄን አወቅሁት።

እንጨቱን ቆርጬ ቦዩ ውስጥ አጋድሜዋለሁ። ከዚያ ፈሪዳ ራሷ «ሱቁን አሳየኝ» አለችኝ። ሮቢ አምስት አወጣላት። «በየትኛው እጅሽ ነው?» አላት ገና ሳትነካቸው፤ ጣቷን ወዲያው አይቶታል። በግራዋ አንድ በአንድ ያዘቻቸው፣ አፈሙዙን እሱ እንዳሳያት ወደታች አድርጋ። እኔ የወደድኩትን ጠፍጣፋ ማቀባበል አልቻለችም። ከሚሽከረከሩት ትንሹን መረጠች፣ እኔ አይቼው የማላውቀውን። ምላጩን ሁለት ጊዜ በባዶው ሳበችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችና «የኔ ይሄ ነው። ዛሬ ግን አልፈልገውም፤ ስፈልግ ብቻዬን እመጣለሁ» አለችው። ሮቢ የስልክ ቁጥሩን ጽፎ ለእሷ ሰጣት።

ከትናንት ወዲያ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ራጅ አነሱት። በሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ያኔ ቢታይ ኖሮ ይቃና ነበር፣ አሁን ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም አለ። «መቼ ነው የተሰበረው?» አላት። እኔ ላስተረጉምላት ስል እሷ ራሷ በእንግሊዝኛ ቀኑንም ሰዓቱንም ነገረችው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ያን ቀን አላየኸውም?» አለኝ።

አይቼዋለሁ አክስቴ። ያን ቀን ከሥራ ገብቼ ሳፈጥር ፈሪዳ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ቢላ ነው አለችኝ፣ አይዞሽ አልኳት። ሳምቡሳው በጣት የሚጫነው ጠርዙ አልጋጠም ብሎ ተፈትቶ ዘይት ጠጥቷል። «ይህን አሠራር ደግሞ ማን አስተማረሽ?» ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ሳቀች። ስድስት በላሁ።

ዓብዱልጀሊል